ኬላ ሲዘጋ በሽታው ስንት ቀን ይዘገያል?

በ2012 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በኮቪድ ሰሞን ነው። ከአይከል ለቅሶ ደርሼ ወደ ጎንደር ስመለስ ሚኒባሱ አዘዞ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ዳር ይዞ ቆመ። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞረና "ኬላው ላይ ትርፍ ካዩ ይቀጡናል። ስድስት ሰው ይውረድልኝ። በእግር ዞራችሁ ኑ፣ ከወዲያ እጠብቃችኋለሁ" አለ። የተከራከረ የለም። መውረዱ ለማን ደረሰ? ከመተማ ለመጡት የቀን ሠራተኞች። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በማሳው መሀል በምታልፈው የእግር መንገድ ሄዱ።

የቀረነው ኬላው ላይ ቆምን። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ የሙቀት መለኪያዋን በየግንባራችን እየደቀነች አለፈች። ከጎኔ የተቀመጡትን እናት "እማማ፣ ነጠላዎን ከፍ ያድርጉልኝ" አለቻቸው። እሳቸውም አማተቡና ግንባራቸውን ሰጧት። ከዚያ የሁላችንንም ስም፣ ቀበሌና ስልክ በመስመር ደብተር ጻፈች። ተለቀቅን። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሄደን ስድስቱን ሰዎች ጫንን።

ያኔ ተሳስቀን አለፍነው። ቆይቼ ሳስበው ግን አላሳቀኝም። ያን ቀን የተለካነውና የተመዘገብነው ከአይከል የተሳፈርነው ነን። ከድንበር የመጡት አልተለኩም፣ አልተመዘገቡም። ኬላው ቆሟል፣ ሠራተኛው ፀሐይ እየመታው ይሠራል፤ ሊይዘው የቆመለትን ሰው ግን አላየውም።

ይህን ያስታወሰኝ የጂንካ ወሬ ነው። ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ ውስጥ ማርበርግ የተባለው በሽታ ተገኘ ሲባል፣ ፒያሳ ቡና ይዘን ከተቀመጥነው አምስት ሰዎች ሦስቱ ያሉት አንድ ነው፦ "መንገዱን ለምን አይዘጉትም?" ከጂንካ ጎንደር በመኪና ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቢሆንም ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ሰው በሽታ ሲሰማ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ በሩ መወርወሪያ ነው። አያቶቻችንም ፈንጣጣ ወደገባበት መንደር አይሄዱም፣ ከዚያ የመጣውንም አያስገቡም ነበር።

ግን በር ተዘግቶም የሚገባ ነገር አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ቁስቋም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ድረስ ገብቶ ነበር። ያ ግቢ ግንብ ነበረው፣ ዘበኛ ነበረው። ብሩስ እንዲያክም ሲጠየቅ የጀመረው በተቃራኒው ነው፤ የታፈነውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሉንም በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። ማጠኑ የረዳ አይመስለኝም። አየሩ ግን ሳይረዳ አይቀርም።

ተጓዥን ማስቆም በሕግ የተጻፈው ከዚያም በፊት ነው። የአውሮፓዋ የወደብ ከተማ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ የያኔዋ ራጉዛ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሰው ከተማ ሳይገባ 30 ቀን ውጭ እንዲቆይ ደነገገች። ቀኑ በኋላ 40 ሆነ። ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያንኛው "አርባ" ነው። አርባ ለእኛም እንግዳ ቁጥር አይደለም፤ እየሱስ የጾመው አርባ፣ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣውም በአርባ ቀኑ። ልብ ማለት ያለብን ግን ሌላ ነገር ነው። የራጉዛ ሰዎች መርከቡን አትምጣ አላሉትም። ና፣ ግን ጠብቅ ነው ያሉት። መከልከልና ማስጠበቅ ይለያያሉ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ሒሳቧን እንሥራ። ካልኩሌተር አያስፈልጋትም።

በሽታው ያለባቸው አሥር ሰዎች ጎንደር ሊገቡ ነበር እንበል። ኬላው ተዘጋና ዘጠኙ ቀሩ። አንዱ በዚያች በእግር መንገድ ሾልኮ ገባ። ከመቶ ዘጠናውን ማስቀረት ማለት ነው፤ ይህን ያህል የያዘ ኬላ ካለ ይሸለም። አሁን ያን አንድ ሰው እንከተለው። ኮቪድ መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ሳይጠነቀቅ በነበረበት ወቅት፣ የሕመምተኛው ቁጥር በሦስት ቀን ገደማ እጥፍ የሆነባቸው ከተሞች ነበሩ። አንዱ በሦስተኛው ቀን ሁለት ይሆናል። በስድስተኛው አራት፣ በዘጠነኛው ስምንት። አሥረኛው ቀን ላይ አሥር ገደማ ደረሰ። አሥር ሰው ደግሞ ኬላ ባይኖር በመጀመሪያው ቀን የምንጀምርበት ቁጥር ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ የተጉላላ መንገደኛ ያተረፈልን አሥር ቀን ነው።

"ጠበቅ ማድረግ ነዋ" ይባል ይሆናል። እሺ፣ ጠበቅ እናድርገው። ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙን እናስቀር። በዚሁ ሒሳብ የምናገኘው ሃያ ቀን ገደማ ነው። ሾልኮ የሚገባው ሰው በአሥር እጅ ሲቀንስ የተጨመረው ሌላ አሥር ቀን ብቻ! እኔ ይህን መጀመሪያ ስሠራው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኬላ የሚቀንሰው በመደመር የሚመጣውን ነው፣ በሽታው ግን የሚያድገው በማባዛት ነው። ኬላ በሽታን አያስቀረውም፤ እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያራዝመዋል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ተጠነቀቀ። ለቅሶው በየተራ ሆነ፣ ሰርጉ ተሸጋገረ፣ ታክሲው መስኮቱን ከፈተ፣ ማስክ ተደረገ። በሽታው እጥፍ ለመሆን ሦስት ቀን መፍጀቱ ቀርቶ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት እንበል። ያው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ የሚያስቀረው ኬላ አሁን የሚያተርፈው ሃያ ቀን አይደለም፤ ሰማንያ ቀን ገደማ ነው። ገመዱ ያው ነው፣ ፖሊሱም ያው ነው። የተለወጠው ከገመዱ ወዲህ ያለነው እኛ ነን። የኬላ ጉልበቱ ኬላው ላይ አይደለም።

ይህች የቡና ላይ ሒሳብ ሻካራ ናት፤ ትልልቆቹ ጥናቶች ግን ከእሷ ብዙ አይርቁም። ከኮቪድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የኢንፍሉዌንዛ ሞዴል የድንበር እገዳ ከ99 በመቶ በላይ ካልሰመረ በሽታውን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ከማዘግየት እንደማያልፍ አስልቶ ነበር። ከዚያ ዉሃን መጣች። ቻይና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 የዚያችን ከተማ በር ጠረቀመች። በታሪክ እንዲህ ያለ ትልቅ ከተማ እንዲህ ተቆልፎ አያውቅም ማለት ይቻላል። ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ውጤቱን ሲገምት፣ መቆለፉ በቻይና ውስጥ ወረርሽኙን ያዘገየው ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ነው። ለምን? በሩ ሲዘጋ በሽታው በሌሎች የቻይና ከተሞች ቁጭ ብሎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን በሽታ ግን እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ድረስ ወደ 80 በመቶ ገደማ ቀንሶታል። ያው መዝጊያ ለቅርቡ አልጠቀመም፣ ለሩቁ ጠቀመ። ተመራማሪዎቹ አያይዘው ያሉት ደግሞ የእኛኑ ሒሳብ ነው፤ ከቻይና የሚደረገው ጉዞ 90 በመቶ ቢቀነስ እንኳ ውስጥ ያለው መተላለፍ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ለውጡ ትንሽ ነው።

ሌላው ችግር የትኛውን በር እንደምንዘጋ አለማወቃችን ነው። ጣሊያን ከቻይና የሚመጣውን በረራ ያቆመችው በጃንዋሪ 2020 መጨረሻ ነው፤ ከአውሮፓ ቀድማ። በማርች መላው ጣሊያን ቤቱ ተዘግቶበት ተቀመጠ። አሜሪካ ፌብሩዋሪ 2 ላይ ከቻይና የሚመጡ የውጭ ዜጎችን ከለከለች። የኒውዮርክን ቫይረስ ዘር የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ግን አብዛኛው የገባው ከአውሮፓ በኩል መሆኑን ነው። እኛም ያኔ ዓይናችን የነበረው ከቻይና በሚመጣው አውሮፕላን ላይ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን አላቋርጥም ሲል እኔም ከተናደዱት አንዱ ነበርኩ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የአገራችን ታማሚ ግን የመጣው ከቡርኪና ፋሶ ነው፤ ዜግነቱ ጃፓናዊ። ይህ ንዴቴን ሙሉ በሙሉ አላበረደውም። ግማሹን ግን አብርዶታል።

ያች ግንባር ላይ የምትደቀነው መለኪያስ? ትኩሳት የሌለውን ሰው አትይዝም። ኮቪድ ከያዘው ቀን አንሥቶ ምልክቱ እስኪታይ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል፣ አንዳንዱ ላይ እስከ 14 ቀን። ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎም ይተላለፋል። በወረርሽኙ መጀመሪያ የተሠራ አንድ ስሌት፣ በአውሮፕላን ሲነሡም ሲያርፉም ትኩሳት ቢለካ እንኳ ከመቶ በበሽታው ከተያዙ ተጓዦች 46ቱ ሳይታወቁ ያልፋሉ ብሏል። ያ የኤርፖርት መሣሪያ ነው። አዘዞ ላይ፣ በመጋቢት ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ፣ ከጥላ የተነሣውንም ከፀሐይ የመጣውንም እኩል "ሠላሳ ስድስት ከምናምን" የምትለዋን መለኪያ እናንተው ገምቷት።

እንዲህ ስል "እንግዲያ እገዳ ከንቱ ነው" ልል የመሰለው አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ሙሉ በሙሉ የሠራበት ቦታ አለ፤ ምሳሌውም እኛ "የኅዳር በሽታ" ከምንለው ወረርሽኝ የተወሰደ ነው። ኅዳር 1911 ዓ.ም. በሽታው አዲስ አበባ ላይ ወርዶ፣ ራስ ተፈሪን ራሳቸውን አልጋ ላይ ጥሎ፣ በከተማዋ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ለዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። በዚያው ወር፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የሳሞአ ግዛቶች ነበሩ። ምዕራብ ሳሞአ ከኒውዚላንድ የመጣችውን ታሉን የተባለች መርከብ ኖቬምበር 7 ቀን 1918 አስገባች። ከሕዝቧ አምስተኛው እጅ ገደማ አለቀ። አሜሪካን ሳሞአ ደግሞ በአስተዳዳሪዋ በጆን ፖየር ትእዛዝ ወደቧን ዘጋች። በዚያ በሽታ የሞተባት ሰው የለም። አንድም።

ኒውዚላንድም ያን ያልረሳች ይመስላል። በማርች 2020 ድንበሯን ዘግታ፣ ውስጧን አጽድታ፣ ከዚያ 102 ቀን በአገር ውስጥ የተላለፈ ኮቪድ ሳታይ ቆየች። እነዚህ ሁሉ የሚመሳሰሉበት ነገር ግልጽ ነው። ደሴቶች ናቸው። በሩ አንድ ነው፣ ዙሪያው ባሕር ነው፣ የዘጉትም በሽታው ሳይገባ ነው። ደሴት መሆንም ብቻውን አይበቃም። አውስትራሊያ ውስጥ ሜልበርን ተጓዦችን ሆቴል አስገብታ 14 ቀን ታቆይ ነበር። ከዚያ ሆቴል በሠራተኞች በኩል ሾልኮ የወጣው ቫይረስ በ2020 አጋማሽ ሁለተኛ ማዕበል ቀስቅሶ 768 ሰው ገደለ። የዘበኛ አበልና ሥልጠና ላይ የተቆጠበ ብር ያስከተለው ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

እስቲ ወደ ጎንደር እንመለስ። ካርታ ላይ ከከተማችን የሚወጣው ዋና መንገድ በጣት ይቆጠራል። ወደ ደቡብ አዲስ ዘመንና ባሕር ዳር፣ ወደ ምዕራብ አይከልና መተማ፣ ወደ ሰሜን ደባርቅ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትክል ድንጋይና ሳንጃ። አራት ገመድ ብንዘረጋ ያለቀ ይመስላል። ግን ቅዳሜ ጠዋት ገበያ የሚወጣን ሰው መንገድ ቁጠሩ። ከየገጠሩ አህያ እየነዳ፣ እንጨት ተሸክሞ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ የሚመጣው በአስፋልቱ አይደለም። ያን መንገድ የሚያውቀው ባለ መንገዱ ብቻ ነው።

ለእኛ ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ሰሊጥ ነው። በየዓመቱ ለአረማና ለአጨዳ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት የሚገርም ነው። መንገደኛ በሽታ እንዴት እንደሚያመጣ ለማወቅ ቻይና መሄድ አያስፈልገንም፤ ካላ አዛርን ማየት ነው። ካላ አዛር የቆላ በሽታ ነው፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ። በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን አዲስ ዘመን አጠገብ፣ ሊቦ ከምከም ላይ፣ ቀድሞ ባልነበረበት ደጋ መሰል ስፍራ ተነሣ። መጀመሪያ ምንነቱ አልታወቀም ነበር፤ ወባ ነው ተብሎም ሰው ብዙ ተሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ነው ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው። ያመጡት ከሰሊጥ ሥራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። ታዲያ በዚህ ምክንያት ሰው ሰሊጥ ሊያጭድ እንዳይሄድ የከለከለ አለ? የለም፣ አይቻልምም። ያ ሠራተኛ ካልወረደ የልጁ ደብተር አይገዛም። የተሠራው ሌላ ነው፤ ምርመራና መድኃኒት ቀረበ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ የካላ አዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ቆመ። ታማሚው ከቆላ ተነሥቶ ወደ ከተማው ይመጣል፣ እኛም ና እንለዋለን።

መተማም እንዲሁ ናት። መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ጋላባትን የሚለየው አንድ ወንዝና አንድ ድልድይ ነው። መጋቢት 14 ቀን 2012 አገሪቱ የየብስ ድንበሯን ለሰው ስትዘጋ ድልድዩ ላይ ያለው ሰው ቀነሰ። በጫካው በኩል የሚመጣው ግን ቀጠለ። ሱዳን ያለ ኢትዮጵያዊ ሥራው ሲዘጋበት ወዴት ይሂድ? አገሩ ነው የሚገባው። በድልድዩ ቢመጣ ይመዘገባል፣ ይመረመራል፣ ለይቶ ማቆያ ይገባል። በጫካ ሲመጣ ሌሊት ገብቶ ጠዋት ሚኒባስ ይሳፈራል፤ ከዚያም አዘዞ ሊደርስ ሲል "ስድስት ሰው ይውረድልኝ" ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየወረርሽኙ ጉዞ አትከልክሉ እያለ የሚወተውተው አንዱ ለዚህ ነው። በር ሲዘጋ ሰው አይቀርም፤ መታየቱ ነው የሚቀረው።

ድርጅቱንም ግን እንደ ወንጌል አልወስደውም። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ላይ እንኳ ወረርሽኝ ባለባቸው አገሮች ላይ የጉዞ እገዳ መጣልን አልደግፍም ይል ነበር። ያኔ ምክሩን ሰምታ በሯን ከፍታ የተቀመጠች ደሴት ብትኖር ኖሮ ዛሬ ትረግመው ነበር።

እንግዲህ የተገኘው ቀን ምን ተሠራበት? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ስለ ኬላ ስንከራከር የማንጠይቀውም እሱኑ ነው። አገራችን ውስጥ የተጠረጠረ ሰው ናሙና መጀመሪያ ይላክ የነበረው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ መመርመር ተቻለ። ከዚያ ጎንደርን ጨምሮ በክልል ከተሞች ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ጁን 2020 ላይ እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ሙከራ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ ማሽን ያሉ ታማሚዎችን ሞት በሲሶ እንደሚቀንስ ታወቀ። መድኃኒቱ ድሮም እኛ ሆስፒታል ነበር፤ ለዚህ እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም ነበር። በመጋቢት ከታመመ ይልቅ በሐምሌ የታመመ ዕድለኛ ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ደግሞ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ክትባት አዲስ አበባ ገባ። የተራዘመ ቀጠሮ ማለት ይህ ነው። ያለ መድኃኒት ልትታመም የነበረው ሰው መድኃኒት ባለበት ቀን ታመመ።

ያልተሠራበትም አለ። ከባዱ ማዕበል የመጣው በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ያኔ ኬላውም ማስኩም ተረስቶ ነበር። ሰው ኦክስጅን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞር ነበር። ዓመት ሙሉ ተገኝቶ የነበረውን ቀን ሲሊንደር መሙያ ላይ ብናውለው ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።

ዋጋውንም መናገር ያስፈልጋል። በመጋቢት 2012 ማለቂያ ክልሉ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ጥሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀን ሲገድብ እኛ ጎንደሮች በዝርዝሩ ባንኖርም መንገዱ ግን ጭር አለ። ፋሲል ግንብ በር ላይ ጎብኚ ይጠብቁ የነበሩ አስጎብኚ ልጆች ካርድ ሲሸጡ አይቻለሁ። እገዳ ሀብታሙን ያጉላላል፣ ድሃውን ግን ያስርበዋል። የተራበ ሰው ደግሞ ገመድ አያቆመውም።

እገዳ ሌላም ስውር ዋጋ አለው፤ ቀድሞ የተናገረውን ይቀጣል። ደቡብ አፍሪካ በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን የተባለውን አዲስ የኮቪድ ዝርያ አግኝታ ለዓለም በቶሎ ብትናገር የተከፈላት የጉዞ እገዳ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ግን ቫይረሱ ደቡብ አፍሪካ ከመናገሯ በፊት በኖቬምበር 19 በተወሰደ ናሙና ውስጥ ነበር። እንግሊዝ 11 የአፍሪካ አገሮችን ከቀይ ዝርዝሯ፣ ማለትም ጉዞ ካገደችባቸው አገሮች ዝርዝር፣ ያወጣችው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው፤ ምክንያቱም ኦሚክሮን ቤቷ ሞልቶ ነበር። ቀጣዩን ያገኘ አገር እንደገና ቶሎ ይናገራል? እኔ ብሆን አመነታለሁ።

ወደ ፒያሳው ቡና ልመለስ። ማርበርግ እንደ ኮቪድ አይደለም። ምልክት ያልታየበት ሰው አያስተላልፍም። የሚተላለፈውም በታማሚው ወይም በሟቹ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ታማሚው ማንን ነካ፣ ማን አስታመመው፣ ማን ገነዘው ብሎ በስም መከተል ይቻላል። ለ21 ቀን። የጂንካን መንገድ መዝጋት በዚያ የስም ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይበትናል እንጂ አይጠቅምም። ኮሌራም ሌላ ነው። በ2015 የሱዳን ጦርነት ሰው ሲያፈናቅል መተማ አጠገብ ኩመር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃና ሽንት ቤት ነው፣ ገመድ አይደለም። ሳል ሳይጀምረው የሚያስተላልፍ፣ በትንፋሽ የሚሄድ አዲስ በሽታ ሲመጣ ግን እኔም ለሁለት ሳምንት ዝጉ ከሚሉት ጋር እቆማለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል። ግን ሁለት ነገር ጠይቄ ነው። በሽታው ገብቷል አልገባም? በሚገኘው ቀን ምን ይሠራል? ለሁለቱም መልስ ከሌለ ያች ሚኒባስ ትለፍ።

ከዘጉም የራጉዛን ዘዴ እመርጣለሁ፤ ና፣ ግን ጠብቅ። የቀን ሠራተኛው ኬላው ላይ ሲደርስ ማደሪያና እንጀራ ካገኘ በማሳ አይዞርም። ለይቶ ማቆያው ምግብ ከሌለው እስር ቤት ነው፣ ከእስር ቤት ደግሞ ሰው ያመልጣል። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ያችን የመስመር ደብተር ነው። ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ። መለኪያዋ ያለፈችውን ሰው በአምስተኛው ቀን ደውሎ "እንዴት ነዎት፣ ትኩሳት አለዎት?" ማለት የሚቻለው በእሷ ነው። ልጅቷ ስልኬን ስትጽፍ አንድ ቁጥር ተሳስታ ነበር። "እህቴ፣ መጨረሻው ሰባት ነው" ብያት ሰርዛ አስተካከለች። ለሁለት ሳምንት ስልኬን ከአጠገቤ አላራቅሁም። የደወለልኝ የለም።